ካርቦን ቸርኬ ደቻቱ አሸዋ ላይ

የሳይክሌ የካርቦን ቸርኬዎች ድሬ የገቡት በባቡር ነው። የአክስቴ ልጅ ቤልጂየም ጌንት ነው ሚኖረው፣ ለገና ሲመጣ ሁለቱንም በጥቁር ቦርሳ አድርጎ ይዞልኝ መጣ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ሙሉ መንገዱን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው የመጣው፣ ሻንጣ መጫኛው ላይ ካደረግኩት ሰው ከባድ ነገር ይጭንበታል ብሎ። ጣቢያ ወጥቼ ስቀበለው ገና ሰላም ሳንባባል "አቦ ያዝ፣ ቀስ ብለህ ያዝ" አለኝ። ያዝኩት። ባዶ ቦርሳ የሰጠኝ ነው የመሰለኝ ወላሂ።

ያገለገሉ ናቸው። እዛ ሰፈሩ ያለ አንድ ተወዳዳሪ ነው የሸጠለት፣ ሰውዬው ወደ ዲስክ ፍሬን፣ ማለት ቸርኬው መሀል ላይ ያለ ክብ ብረት ወደሚይዘው ፍሬን፣ ስለዞረ እነዚህ ቸርኬው ጎን ላይ በሚይዝ ፍሬን ሚሰሩት አያስፈልጉትም። ሳይክሎክሮስ ላይ ዲስክ ፍሬን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ ከዛ ወዲህ ቀስ በቀስ ሁሉም ስለቀየረ ድሮ ሰው ሲያልማቸው የነበሩ ቸርኬዎች አሁን ያገለገለ ገበያ ላይ ይገኛሉ፣ የኔም ሳይክል የድሮ ስለሆነ ልክ ገጠመ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ሳይክል ሚነዳ ልጅ ሁሉ መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ከዚራ፣ ሳቢያን፣ ነምበር ዋን፣ የትም ብሄድ በጣቱ ቆርቆር ያደርገውና "ይሄ ፕላስቲክ ነው እንዴ፣ ይሻላል ወይ፣ ልግዛ ወይ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሜ በሁለት ደቂቃ ምመልሰው ጥያቄ አይደለም። አንድ በጋ ሙሉ ነድቼበታለሁ፣ ተወዳድሬበታለሁ፣ አንዱን ሰብሬዋለሁ። ስለዚ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሳይክሎክሮስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ። የአስፋልት እሽቅድድም ሳይክል ሚመስል ግን ጎማው ትንሽ ወፈር ያለ ሳይክል ይዘህ ጭቃ፣ አሸዋ፣ ሳር፣ ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ያህል መፋለም ነው። ዙሩ አጭር ነው፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ተኩል። መንዳት ማይቻልበት ቦታ ስትደርስ ወርደህ ሳይክሉን ትከሻህ ላይ ሰቅለህ ትሮጣለህ። እንጨት ያቆሙልሃል፣ ቁመቱ ቢበዛ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ዘለህ ታልፋለህ ከዛ እንደገና ሩጠህ ኮርቻው ላይ ትወጣለህ። ቤልጂየሞች ከመስከረም እስከ የካቲት በዛ ብርድ ልጅ አዋቂ ሳይሉ እሱን ለማየት ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ።

እኔ በስልክ ማየት ስጀምር ጭቃው ሩቅ ሀገር ነበር የመሰለኝ። ከዛ እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሳይድ ላይ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አየሁ። ኮክሳይድ ቤልጂየም ውስጥ ባህር ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ውድድሩ የአሸዋ ክምር ላይ ነው ሚካሄደው፣ ኒልስ አልበርት አሸነፈ፣ ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ የገቡት በሙሉ ቤልጂየሞች ናቸው፣ ሰባቱም! ለምን ስትል አሸዋው የነሱ ነው፣ ከልጅነታቸው ነድተውበታል፣ የት እንደሚሰምጥ የት እንደሚይዝ እግራቸው ያውቃል። እና ስክሪኑ ላይ ያንን አሸዋ ሳይ ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ አልኩ። ቤታችን በር ላይ አለ እኮ።

ደቻቱን ለማታውቁ፣ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ያቋርጥበታል፣ ፍየል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መኪና ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል። ክረምት ላይ ግን ሌላ ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ፣ የወሰደውን ቤትና የወሰደውን ሰው፣ የድሬ ሰው አይረሳም። ልጅ ነበርኩ፣ ግን እናቴ እኛን ይዛ ቆማ ያነጋችበትን ቦታ ዛሬም ቢሆን ወስጄ ማሳየት እችላለሁ። ነገሩ ምንድነው፣ ድሬ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው ወርዶ ሚመጣው። ስለዚ እኛ ደቻቱ ውስጥ ምንነዳው በበጋ ብቻ ነው፣ በበጋም ቢሆን ላይ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ማንም አይወርድም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ቸርኬው።

በፊት የነበረኝ ቸርኬ አሉሚኒየም ነው፣ ቁመቱ (ቁመት ምለው ከጎማው እስከ ሽቦዎቹ ያለውን የጠርዙን ጎን ነው) አጭር፣ 32 ሽቦ ያለው፣ ጠንካራ ዕቃ። ከድልድዩ በታች 60 እርምጃ ያህል ጥልቅ አሸዋ አለ፣ ሁልጊዜ እዛ ስደርስ የፊት ጎማው ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ሽቦዎቹ አሸዋ ውስጥ ገብተው እንደ አካፋ ይዝቁታል፣ መሪው ወደ ግራ ሲጎትት እኔ ወደ ቀኝ እላለሁ፣ ወደ ቀኝ ስል ይበልጥ ይሰምጣል፣ በቃ፣ ወርጄ እሮጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን 60 እርምጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቼ አላውቅም፣ ሦስት ጊዜ ምናምን በቀር።

የካርቦኑ ቸርኬ ቁመቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ሳትበረታ ወረድኩ፣ እንደልማዴ ከጠንካራው አፈር ላይ ፍጥነት ይዤ ገባሁ፣ ጎማው እንደልማዱ ሰመጠ፣ ግን ከሰመጠ በኋላ የሆነው ነገር እንደልማዱ አልነበረም። አሸዋው ያገኘው ሽቦ ሳይሆን ልሙጥ ግድግዳ ነው፣ ሚዝቀው ነገር የለም፣ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ጎማው ለራሱ ቦይ ቀደደና በቦዩ ቀጥ ብሎ ሄደ። መሪው ሊጎትት ሞከረ ግን ያ ረጅም ጎን አሸዋው ውስጥ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ሆኖ ቀጥ አድርጎ ያዘው። እኔ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ቢኖር እጄን ላላ ማድረግ፣ ክብደቴን ወደ ኋላ መጣል፣ ዓይኔን ከጎማው ላይ አንስቼ ሩቅ ማየትና መርገጥ፣ ሳያቋርጡ መርገጥ ብቻ ነው። ማዶ ስወጣ ጮህኩ። አሸዋ ሚጭኑት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ፣ አንዱ እጁን አወጣልኝ።

ስለዚ የካርቦን ቸርኬ ለክሮስ ምን ይጠቅማል ሲሉኝ የኔ መልስ ክብደቱ አይደለም፣ ቁመቱ ነው። ካርቦን ባይሆን ኖሮ 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ቸርኬ በአሉሚኒየም ሲሰራ ከባድ ስለሚሆን ለዚህ ስራ አይመችም ነበር፣ ካርቦን ያንን ቁመት ሳይከብድ ይሰጥሃል። ጭቃ ያለበት ሀገርም እንደዛው ነው ይላል የአክስቴ ልጅ፣ ጭቃው ሽቦዎቹ ስር ተጠራቅሞ እንዳይጋገር ልሙጡ ጎን ይረዳል።

ክብደቱን ችላ አልለውም ግን። መጋላ ቅመም ሚሸጥበት ሱቅ ሚዛን ላይ መዘንኩት፣ የድሮዎቹ ሁለቱ ያለ ጎማ 1,850 ግራም፣ ካርቦኖቹ 1,400። ልዩነቱ 450 ግራም ነው። ቸርኬ ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ወደፊትም ስለሚሄድ ስለሚሽከረከርም ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፣ እሺ ሙሉ እጥፍ አድርገን 900 ግራም እንበለው። እኔ 61 ኪሎ ነኝ፣ ሳይክሉ 9፣ አንድ ላይ 70። ከ70 ኪሎ ላይ 900 ግራም ማለት 1.3 በመቶ ገደማ ነው። አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይሄ አይሰማም። ክሮስ ላይ ግን እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሊቆም ትደርሳለህ ከዛ ትነሳለህ፣ በአንድ ዙር 20 ጊዜ ትነሳለህ፣ በዛ ላይ ሳይክሉን ትከሻህ ላይ ሰቅለህ ትሮጣለህ፣ እዛ ጋ 450 ግራሙ ቀጥታ ትከሻህ ላይ ነው ሚሰማህ። ይሰማል፣ አልዋሽም። ለሱ ብላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ከሱ በፊት ሚመጣ ነገር አለ።

ከሱ በፊት ሚመጣው ጎማና የጎማ ነፋስ ነው። ይሄንን ቀድሜ ባውቅ ስንት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

እነዚህ ቸርኬዎች ቱቡላር ሚባለውን ጎማ ነው ሚወስዱት፣ ጎማውና ከመነዳሪው ለየብቻ አይደሉም፣ ጎማው ዙሪያውን ተሰፍቶ ከመነዳሪው ውስጡ ነው ያለው፣ ከዛ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል። ስፋቱ 33 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትልልቁ ውድድር ላይ ከዚህ በላይ አይፈቀድም። ጥቅሙ ነፋሱን በጣም ዝቅ አድርገህ መንዳት መቻልህ ነው፣ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬው ጠርዝ መሀል ተቆንጥጦ እንደ እባብ ጥርስ ሁለት ቦታ ሚበሳበት ነገር በጣም ይቀንሳል።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ጎሚስታ ጋ ሄጄ አስነፋሁት። የጎሚስታው ልጅ ምን ያድርግ፣ እሱ ሚያውቀው ባጃጅና መኪና ነው፣ ደህና አድርጎ 60 ፒኤስአይ ሞላልኝ። አሸዋው ውስጥ ጎማው እንደ ቢላዋ ገባ፣ ጠጠሩ ላይ ደግሞ እንደ ኳስ ነጠረ፣ ቸርኬው ከአሉሚኒየሙ ስለሚጠነክር እያንዳንዷ ጠጠር ጥርሴ ድረስ ተሰማችኝ። ቤት ገብቼ ተናድጄ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፣ ስንት ነው ያደረግከው አለኝ፣ 60 ስለው ዝም አለ፣ ከዛ "ሃያዎቹ ውስጥ ነው ሚነዳው፣ ሃያዎቹ ውስጥ!" አለኝ።

ከዛ በኋላ ትንሽ ዲጂታል የጎማ ነፋስ መለኪያ ጌጅ አስመጣሁ፣ አሁን ያለሷ ከቤት አልወጣም። ለኔ ኪሎ ፊት 20፣ ኋላ 23 ፒኤስአይ ጥሩ ነው፣ ንጹህ አሸዋ ብቻ ከሆነ ሁለት ሁለት ዝቅ አደርጋለሁ፣ ድንጋይ ካለ ሦስት እጨምራለሁ። አንድ የኛ ሀገር ጉዳይ ደግሞ አለ፣ ቤልጂየሞች ብዙ ማያስቡበት። ጠዋት በ20 ዲግሪ የሞላኸው ጎማ እኩለ ቀን 38 ሲሆን በራሱ ጊዜ ወደ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጎማው በ60 ቢሞላ 2 ምንም አይደለችም፣ በ20 ሲሆን ግን አንድ አስረኛ ነው። ስለዚ ምትነሳበት ሰዓት ላይ ነው ሚለካው፣ ሳይክሉን ደግሞ ፀሐይ ላይ አታቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ከዚራ ዛፍ ሞልቶ የለ።

ሙቀት ካነሳሁ ማስቲሹን ልናገር፣ እዚህ ላይ ትከሻዬን ልጬ ነው የተማርኩት። የአክስቴ ልጅ ሁለት ቱቦ የቸርኬ ማስቲሽ ይዞልኝ ነበር፣ አለቀ። ማስቲሽ ማስቲሽ ነው ብዬ ጫማ ሰሪ ጋ ሄጄ በብልቃጥ ገዛሁ፣ ለጠፍኩት፣ በእጄ ስጎትተው ጥብቅ ብሏል። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ሳይክሉ ቆርቆሮ ስር ቆሞ ነበር፣ ወጣሁና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የፊት ጎማው ከቸርኬው ተላቆ ወጣ። ሙቀቱ አልስልሶታል። ጠጠር ላይ ወደቅኩ፣ ትከሻዬና ክርኔ ተላጠ፣ እግዜር ይመስገን ከኋላዬ ባጃጅ አልነበረም። ከዛ ወዲህ የራሱን ማስቲሽ ካልመጣልኝ አልለጥፍም። አሰራሩም ትዕግስት ይፈልጋል፣ ቸርኬው ላይ ሁለት ስስ ቅብ፣ ጎማው ላይ ሁለት ስስ ቅብ፣ እያንዳንዱ በደንብ እስኪደርቅ፣ ከዛ የመጨረሻ ቅብ ቀብተህ ጎማውን ታስገባለህ፣ ትሞላዋለህ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሳትነካው ታስቀምጠዋለህ። እኔ ማታ ጣራ ላይ ነው ምሰራው፣ ቀዝቀዝ ሲል። እናቴ ሽታውን አትወደውም።

ፍሬን። ይሄ በተለይ ሐረር ደርሰው ለሚመለሱ ልጆች ነው፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ካርቦን ቸርኬ ማለት የካርቦን ክር በሙጫ ተጣብቆ የደረቀ ነገር ነው። ሙጫው ደግሞ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ይለሰልሳል። አሉሚኒየም ስትይዘው ሙቀቱን ቶሎ ይበትነዋል፣ ካርቦን ግን እዛው ይይዘዋል። ሐሮማያ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬ 1,200፣ ያንን ልዩነት ደንገጎ ላይ ነው ምትጥለው፣ ኩርባ በኩርባ፣ ከፊትህ የጫነ መኪና ቀስ እያለ ከኋላህ ደግሞ ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋ፣ ፍሬን ሳትይዝ ምትወርድበት መንገድ አይደለም። አንድ ቀን ብቻ በካርቦኑ ወረድኩ፣ ግማሽ ሳልደርስ ሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ቆሜ ቸርኬውን ጠጋ ብዬ ሳየው ሙቀቱ ፊቴ ላይ ተሰማኝ። እዛው መንገድ ዳር ተቀምጬ ሚኒባስ ጠበቅኩ፣ ሳይክሉን እላይ አስጭኜ ወረድኩ፣ ሂሳብ በጥንድ ከፈልኩ፣ ቅር አላለኝም። ደንገጎን መውረድ የፈለገ በአሉሚኒየም ይውረድ ወይ ዲስክ ፍሬን ይኑረው። የፍሬን ጎማውም ለካርቦን የተሰራው መሆን አለበት፣ አሉሚኒየም ላይ ያገለገለ የፍሬን ጎማ የብረት ፍርፋሪ ይዞ ስለሚቀር ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሸዋውም ራሱ ይበላዋል፣ አንድ በጋ ነድቼ ፍሬን ሚይዝበት ቦታ ላይ ያለው ጥቁር ወደ ግራጫ ሄዷል።

የየካቲቱን ውድድር ልንገራችሁ።

ራሳችን ያዘጋጀነው ነው፣ ዘጠኝ ልጆች ነን፣ ዙሩ አንድ ኪሎ ሜትር ከትንሽ፣ 40 ደቂቃ። ለእንጨቱ ፋንታ የቲማቲም ሳጥን ደረደርን፣ ሰፈር ያሉ ልጆች ዙር ቆጠሩልን፣ አንዷ ትንሽ ልጅ ማንም ሳይነግራት ደብተር ይዛ መጥታ የእያንዳንዳችንን ዙር በሰረዝ በሰረዝ ጻፈች፣ ከሷ ጋር ሚከራከር አልነበረም። አንድ ጓደኛዬ ከሐረር መጣ፣ ሳይክሉ ተራ ማውንቴን ነው፣ አሉሚኒየም ቸርኬ፣ ወፍራም ጎማ።

መጀመሪያ አራት ዙር እኔ መራሁ። ያንን 60 እርምጃ እየነዳሁ ሳልፍ ሌሎቹ ወርደው ይሮጣሉ፣ እዛ ጋ ብቻ በእያንዳንዱ ዙር አምስት ስድስት ሰከንድ አገኝ ነበር። ከዛ ግን አሸዋው በዘጠኝ ሳይክልና በዘጠኝ ሰው እግር ተገለባበጠ፣ የሰራሁት ቦይ ጠፋ፣ የሐረሩ ልጅ ደግሞ ተራራ ያሳደገው ሯጭ ነው፣ ሳይክሉን ትከሻው ላይ ሰቅሎ እኔ ከምነዳው በላይ በፍጥነት ሮጦ አጠገቤ አለፈ። ይሄ ቤልጂየምም ያለ ነገር ነው፣ አንዳንዴ መሮጥ ከመንዳት ይፈጥናል፣ መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው ችሎታው፣ እኔ ካርቦኑን አምኜ ሳልወርድ ቀረሁ። ልይዘው ብዬ በሰባተኛው ዙር ከአሸዋው መውጫ ላይ ሙሉ ጉልበቴን ረግጬ ስወጣ ከስር የተቀበረ ድንጋይ ነበር። የኋላው ጎማ መታው። "ቋ" አለ። ድምፁን ማዶ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ጎማው አልተነፈሰም፣ ነድቼ ጨረስኩ፣ ሁለተኛ ወጣሁ፣ ሐረሬው አንደኛ። ስፕሪሱን እሱ ነው የጋበዘን ግን፣ አሸናፊ ይጋብዛል ብሎ።

ቤት ገብቼ ቸርኬውን ዙሪያውን አየሁት፣ ቀለሙ ላይ ጥፍር የነካው ሚመስል ጭረት አለ እንጂ ሌላ ምንም የለም። አሉሚኒየም ቢሆን ተጣሞ ታየዋለህ፣ ካርቦን አይጣመምም፣ ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። አላመንኩትም።

ለገሃሬ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሽመንደፈር ወርክሾፕ የሰራ፣ አሁን ቤቱ በር ላይ ሳይክል ሚጠግን። ድሬ ውስጥ አንቱ መባባል እምብዛም ነው፣ እሱንም አንተ ነው ምንለው፣ ሲናገር ግን ሁሉም ዝም ይላል። ቸርኬውን አገላበጠው፣ እጁ ላይ መዘነው፣ "ይሄ ብረት አይደለም፣ እኔ ማውቀው ብረት ነው" አለኝ። ከዛ ትንሽ አሰበና "ሳንቲም አለህ?" አለኝ። የአንድ ብር ሳንቲም ሰጠሁት።

"ስማ" አለኝ። "እኛ ፉርጎ ሲገባ እጀታው ረጅም በሆነ መዶሻ እየዞርን ጎማውን እንመታው ነበር። ደህናው ይጮሃል። የተሰነጠቀው አይጮህም። ይሄ ምን ብሎ እንደሚናገር አላውቅም፣ እንስማው።"

በሳንቲሙ ጠርዝ ቸርኬውን ጣት በጣት እየሄደ መታው። ጭን፣ ጭን፣ ጭን፣ ጭን። ጭረቱ ጋ ሲደርስ ዱፍ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጭን። ወደፊት፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ አራት ጣት ያህል ዱፍ፣ ከዛ እንደገና ጭን። በጠመኔ ሁለቱን ጫፍ አሰመረልኝ። ከሱ በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ውጭ ሀገርም ካርቦን ሚመረመርበት አንዱ መንገድ ይሄው ነው፣ በሳንቲም መምታትና መስማት። ሰውዬው ካርቦን በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

"አሉሚኒየም ቢሆን በመዶሻ እመልስልህ ነበር፣ ይሄን አልነካም፣ አንተም አትንዳው" አለኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ሳንቲሙን ግን "ይሄን እዚህ ተወው" ብሎ ኪሱ ከተተ፣ አሁን ልጆች ካርቦን ነገር ይዘው ሲመጡ በሷ ነው ሚመታው።

ያን ሰሞን ከፍቶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል እ.ኤ.አ. በ2025 ፈረንሳይ ሊዬቫን ላይ ሰባተኛ የዓለም ሻምፒዮናውን ወስዶ የኤሪክ ደ ቭላሚንክን ሪከርድ ሲስተካከል በስልክ ተሰብስበን ነበር ያየነው፣ እሱን እንደገና ከፍቼ አየሁት፣ በዚህ ጊዜ ግን እሱን ሳይሆን ሳይክል መቀየሪያውን ነበር ምመለከተው። መሀል ላይ ቦታ አላቸው፣ አንዱን ሳይክል ጥለህ ሌላውን ታነሳለህ፣ የጣልከውን መካኒኩ አጥቦ ለሚቀጥለው ዙር ያዘጋጅልሃል። ቸርኬው ቢመታ ሌላ ቸርኬ ተሰልፎ ይጠብቃል። ካርቦን የነሱ ስፖርት ውስጥ እንደዛ ነው ሚኖረው። እኔ ጋ አንድ ሳይክል ነው ያለው፣ የሰበርኩትን ሚተካ ቀጣዩ ዘመድ እስኪመጣ ዓመት ነው።

ሽማግሌው የድሮውን የኋላ አሉሚኒየም ሽቦውን ወጥሮ አስተካከለልኝ፣ ኩሽኔታውን ቀየረው፣ ኋላ እሱን ገጠምኩ፣ ፊት ካርቦኑ እንዳለ። ለጊዜው ብዬ ነበር። ግን ደቻቱ ወርጄ ያንን 60 እርምጃ ስነዳው አለፍኩት። በማግስቱም አለፍኩት። ሰዓት ይዘን ደጋግመን ለካን፣ ሁለቱም ካርቦን ከነበረበት ጊዜ ጋር ልዩነቱ አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ለካ አሸዋ ውስጥ አቅጣጫ ሚይዘው የፊቱ ነው፣ ቦዩን ሚቀደው እሱ ነው፣ የኋላው የተቀደደለትን ተከትሎ ነው ሚሄደው። ድንጋይ ሚቀበለው ደግሞ የኋላው ነው፣ ክብደታችን አብዛኛው እሱ ላይ ነው፣ የፊቱን በእጃችን ቀለል አድርገን እናሳልፈዋለን የኋላውን ግን ማየትም አንችልም። ማለትም ካርቦን ብዙ ሚጠቅምበት ቦታና ቶሎ ሚሰበርበት ቦታ አንድ አይደሉም።

ስለዚ ልግዛ ወይ ላላችሁኝ ልጆች፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ፊቱን ግዙ፣ ቁመት ያለው፣ ኋላ 32 ሽቦ አሉሚኒየም ተዉ። ከቸርኬው በፊት ግን ጥሩ ጎማ፣ የራሱ ማስቲሽና ጌጅ ይቅደም፣ ያለነሱ ካርቦኑ ምንም አያደርግላችሁም። ያገለገለ ስትገዙ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱና ዙሪያውን ምቱት፣ ሻጩ ቢቆጣም ምቱት። እኔ የፊቱን በየሳምንቱ እመታዋለሁ ምክንያቱም የኋላ ቸርኬ ቢሰበር ትቀመጣለህ፣ የፊት ቢሰበር በፊትህ ነው ምትወድቀው። አንድ ቀን ዱፍ ካለ ያን ቀን ይወርዳል።

ትናንት ማታ ጣራ ላይ አዲስ ጎማ ለጥፌ አድሬያለሁ፣ አሸዋ ላይ ሚሆነውን ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን። ዛሬ ከሰዓት ልንወርድ ነበር ሀሳባችን። የሐረሩ ጓደኛዬ አሁን ደውሎ ሐሮማያ ላይ እየዘነበ ነው፣ ደንገጎም ጠቁሯል አለኝ። እዚህ ድሬ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለሁሉም ደውዬ ቀርቷል አልኳቸው፣ ማንም ለምን አላለኝም። ቸርኬው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማስቲሹም አንድ ቀን ተጨማሪ ይደርቃል።